የዶክ ቦግስ አሥራ ሁለት ዘፈኖች

በ1891 ሁለት የባቡር ኩባንያዎች በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በአፓላቺያ ተራሮች መሀል፣ ኖርተን ላይ ሐዲዳቸውን አገናኙ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ባቡሩ ተራራውን የወጣው ለከሰል ነበር። እስከዚያ ድረስ የአካባቢው ሰው በየሸለቆው በቆሎ እየዘራና ከብት እያረባ ከራሱ ማሳ በልቶ የሚያድር ገበሬ ነበር። ኩባንያዎቹ ከመጡ በኋላ አንድ ትውልድ ሳያልፍ ደሞዝ ጠባቂ ሆነ። ብዙው የሚኖርበት ቤት የኩባንያው፣ የሚሸምትበትም ሱቅ የኩባንያው ነበር።

ይህ ለውጥ ከገጠማቸው ቤተሰቦች አንዱ የጆናታን ቦግስ ነው። ጆናታን አናጢም ብረት ቀጥቃጭም ነበር። ዘፈን ይወዳል፤ በዚያ አገር በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የማይችለውን የሙዚቃ ኖታም ያነብ ነበር። አሥር ልጆች ወልዶ ሁሉንም መዝፈን አስተማራቸው። ከልጆቹም ብዙዎቹ ባንጆ መቱ። የመጨረሻው ልጅ በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1898 ሲወለድ የኖርተን የመጀመሪያ ሐኪም በነበረው ሰው ስም ሞራን ሊ ተባለ። ልጁ ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ አባቱ «ዶክ» እያለ ይጠራው ነበርና፣ ስሙ በዚያው ጸንቶ እስኪሞት ዶክ ቦግስ ሆኖ ቀረ።

ዶክ በ12 ዓመቱ ከሰል ማውጫ ገባ። በዚያ ዘመን ሥራው በእጅ ነው። ማዕድን ቆፋሪው በጠባቡ ዋሻ ውስጥ አጎንብሶ፣ ጣራው ዝቅ ሲል ደግሞ በጎኑ ተኝቶ፣ ከሰሉን በዶማ ከሥሩ ይቦረቡራል፤ ከዚያ በድማሚት አፍርሶ በአካፋ ፉርጎው ላይ ይጭናል። የሚከፈለው በቶን ነው። ጣራ ለመደገፍ፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ድንጋይ ለመልቀም ያጠፋው ሰዓት አይቆጠርለትም። ልጁ ጠዋት ሳይነጋ ይገባል፣ ከመሸ ይወጣል። ባንጆ የተማረው ከዚህ በተረፈው ሰዓት ነው።

ባንጆ ራሱ ከሩቅ የመጣ መሣሪያ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች በካሪቢያን ደሴቶችና በአሜሪካ እርሻዎች ላይ ከቅልና ከቆዳ ይሠሩት ነበር። ፊቱ እንደ ከበሮ በቆዳ የተወጠረ ነው፤ አንገቱ ረጅም ነው፤ ከክሮቹ አንዷ ደግሞ ከሌሎቹ አጥራ፣ መቃኛዋ ከአንገቱ ጎን ተሰክቶ፣ በአውራ ጣት እየተነካች ያንኑ አንድ ድምፅ ያለ ማቋረጥ ታሰማለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡ ነጭ ተዋንያን መሣሪያውን ወደ መድረክ አወጡት። ፋብሪካ ያመርተው ጀመር፤ ተራራማው አገርም ደረሰ። ዶክ በተወለደ ጊዜ የአፓላቺያ ነጭ ገበሬ ባንጆን ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው አድርጎ ያየው ነበር።

የባላገሩ አመታት ጥፍርን ወደ ታች እየወረወሩ፣ ክሮቹን በጥፍር ጀርባ መምታት ነበር። ለጭፈራ ይመቻል፤ ያስጨበጭባል፣ ያስረግጣል። ዶክ ይህን አልወደደውም። ወንድሙ ሮስኮ ክሮቹን ከታች ወደ ላይ በጣቱ እያነሣ ሲመታ አይቶ ያንን ያዘ። ዘፋኝ የነበረ አንድ ተጓዥ ፎቶ አንሺም የቁማርተኛን ውድቀት የሚተርክ ዘፈን አስተማረው፤ በኋላ «ካንትሪ ብሉዝ» ብሎ በሸክላ ያስቀረጸው ያንን ነው።

ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን በሐዲዱ ላይ ያገኛቸው ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው። ባቡሩንና ከሰሉን ተከትለው ከደቡብ የመጡ ጥቁር ሠራተኞች በኖርተን አቅራቢያ በዶርቼስተር ሰፈር ይኖሩ ነበር። «ጎ ላይትኒንግ» በሚል ቅጽል ስም የሚጠራ አንድ ጥቁር ጊታር መቺ በኖርተንና በዶርቼስተር መካከል ሐዲዱን ይዞ ሲመላለስ ትንሹ ዶክ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ «አንዴ ዝፈንልኝ» እያለ ይለምነው ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ተደብቆ ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር ይሄድና ጭፈራ ቤቱን በመስኮት ያይ ነበር። እዚያ የነበረው ባንጆ መቺ ክሮቹን በጅምላ አይመታም፤ በአውራ ጣቱና በጣቶቹ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ያነሣዋል። ዶክ እንደዚያ መምታት እንዳለበት ያን ጊዜ ቆረጠ።

ውጤቱ እሱን ብቻ የሚመስል አመታት ሆነ። በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ይመታል። የዘፈኑን ዜማ ባንጆው ከአፉ እየተቀበለ ድምፅ በድምፅ ይከተለዋል። ቅኝቱንም ለየዘፈኑ ይቀያይራል። ለ«ፕሪቲ ፖሊ»፣ ፍቅረኛዋ አታልሎ ወስዶ ስለገደላት ልጅ ለሚናገረው ከብሪታንያ ለመጣው ጥንታዊ ዘፈን፣ ለደስታም ለኀዘንም ያልለየ ሻካራ ቅኝት ይመርጣል። ድምፁ በአፍንጫው የሚያልፍ፣ ደረቅ፣ ማስዋቢያ የሌለው ነው። የግድያውን ታሪክ ሲዘፍን አያለቅስም፣ አይቆጣም፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያየውን እንደሚናገር ምስክር ነው።

በ1918 ሣራ ስቲድሃምን አገባ። ሣራ ባሏን ትወዳለች፣ ባንጆውን ግን አትወድም። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር ሰው ዘንድ ባንጆ የሰይጣን መሣሪያ ነበር፤ ለዚህም ምክንያት አልጠፋም። ዘፈን ባለበት ጭፈራ፣ ጭፈራ ባለበት አረቄ፣ አረቄ ባለበት ሽጉጥ አይጠፋም። ዶክም ከዚህ ዓለም ንጹሕ አልነበረም። ይጠጣል፣ ይደባደባል፤ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት በ1920ዎቹ አረቄ በድብቅ አውጥቶ ሸጧል። ሣራ በታመመች ጊዜም ኑሮውን ነቅሎ ወደ ዘመዶቿ አገር፣ ወደ ኬንታኪ፣ ወስዷት ነበር። ቤተ ክርስቲያንና ባንጆ እንዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ መንፈሳዊ መዝሙሮችን ያስተማረውም የእህቱ ባል፣ ሰባኪው ሊ ሃንሳከር ነው።

ይህ ሲሆን ሸክላ የሚያሳትሙ ኩባንያዎች አዲስ ገበያ አግኝተው ነበር። በ1920 ጥቁሯ ዘፋኝ ሜሚ ስሚዝ የቀረጸችው «ክሬዚ ብሉዝ» ባልታሰበ ብዛት ሲሸጥ፣ ጥቁር ገዢ መኖሩን አዩ። በ1923 ደግሞ የጆርጂያው ሽማግሌ ፊድል (ቫዮሊን) መቺ ጆን ካርሰን አትላንታ ላይ ተቀርጾ ሲሸጥ፣ ነጭ ባላገርም ገዢ መሆኑን አዩ። ገበያውን ወዲያው ለሁለት ከፈሉት። ለጥቁሩ አንድ የሸክላ ዝርዝር፣ ለነጩ ባላገር ሌላ። ሙዚቀኞቹ ግን እንዲህ ተከፍለው አልኖሩም። ሸክላ ለገዛው ሁሉ ይዘፍናል፤ ዶክም «ዳውን ሳውዝ ብሉዝ»ን ያጠናው ከአንዲት ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ሸክላ ነው።

በ1927 መጀመሪያ የብራንስዊክ ኩባንያ ሰዎች ችሎታ ሊፈትኑ ኖርተን መጥተው በኖርተን ሆቴል አረፉ። ብራንስዊክ በመሠረቱ የቢሊያርድ ጠረጴዛ ሠሪ ነበር፤ ወደ ሸክላ የገባው በኋላ ነው። ዶክ ያኔ የ29 ዓመት የከሰል ሠራተኛ ነው። ከከተማው የሙዚቃ ዕቃ መደብር ባንጆ ተውሶ፣ ለወኔ የሚሆን ውስኪ ቀምሶ ገባ። አዳራሹ በአካባቢው ባንጆና ፊድል መቺ ተሞልቷል፤ አብዛኛው ከዶክ ይልቅ በየሰርጉ የታወቀ ነው። ተራው ሲደርስ ጥቂት ስንኞች ዘፈነ። ፈታኞቹ እስከ መጨረሻው አላስጨረሱትም፤ የሰሙት በቅቷቸው ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ወር ኒው ዮርክ እንዲቀረጽ ተወሰነ።

ኒው ዮርክ በሰባተኛው ጎዳና በሚገኘው ስቱዲዮ የጠበቀው ሥርዓት ለባላገር ዘፋኝ እንግዳ ነበር። በመንደር ጭፈራ አንድ ዘፈን ጨፋሪው እስኪደክም ይዘፈናል። እዚህ ግን ባለ 10 ኢንቹ ሸክላ አንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። ከሁለት ዓመት በፊት የመጣው ማይክሮፎን ድምፁን ይቀበላል፣ መርፌው በሚሽከረከር ወፍራም የሰም ሳህን ላይ ይቀርጸዋል። ዘፋኙ ከተሳሳተ ሰሙ ይጣልና እንደገና ከመጀመሪያው። ዶክ ስምንት ዘፈኖች አስቀረጸ፤ በአራት ሸክላ ወጡ። በአንዳንዶቹ ላይ ከቴነሲው ዳይክስ ባንድ የመጣው ጊታር መቺ ሀብ ማሃፊ አጅቦታል። ከስምንቱ ውስጥ «ሹገር ቤቢ»፣ «ካንትሪ ብሉዝ»፣ «ፕሪቲ ፖሊ» እና «ዳውን ሳውዝ ብሉዝ» ይገኙበታል።

ሸክላዎቹን የሰማ ሰው ዘፋኙ ነጭ ይሁን ጥቁር ለመለየት ሊቸገር ይችላል። ቃሉ የተራራው ነጭ ገበሬ ነው፤ አመታቱ ከዶርቼስተር ጭፈራ ቤት የመጣ ነው። ኩባንያው ግን በነጮቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ሸጠው።

ዶክ ወደ አገሩ ሲመለስ ከሰል ማውጣት የማይቀር ዕጣ መሆኑ አብቅቶለት ነበር፤ ወይም እንደዚያ መሰለው። «የከምበርላንድ አጫዋቾች» የሚል ባንድ አቋቋመ። በየትምህርት ቤቱና በየከሰል ሰፈሩ እየዞረ ተጫወተ፤ ከማዕድኑ የተሻለ ገንዘብም አገኘ። በ1928 ጊብሰን ማስተርቶን ገዛ፤ በዚያ ዘመን አንድ ሙያተኛ ሊይዘው ከሚመኘው ባንጆ አንዱ ነው። የተዋሰውን መሣሪያ ይዞ ከተፈተነ ገና ዓመት ከምናምኑ ነበር። ሣራ ግን አልተደሰተችም። ባሏ የሚያድርባቸው ቦታዎችና የሚውላቸው ሰዎች እንደ ቀድሞው ናቸው፤ ጎረቤቱም አብሮ ያማል።

በ1929 ሌላ በር ተከፈተ። በሪችላንድስ፣ ቨርጂኒያ፣ ደብልዩ ኢ ማየር የሚባል ባለሱቅ ነበር። ሸክላ ይሸጣል፣ ሙዚቃ ይወዳል፣ ግጥምም ይጽፋል። ሁለት ዘፋኞችን ከሁሉ አብልጦ ይወድ ነበር፦ ዶክ ቦግስንና የሚሲሲፒውን ጥቁር ዘፋኝ ጆን ሀርትን። ለሁለቱም ዜማ እንዲያበጁለት ግጥም ይልክ ነበር። ማየር «ሎንሰም ኤስ» የሚል የራሱን የሸክላ ማኅተም መሠረተ። በክቡ ወረቀት ላይ ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ያቋረጠበትን አውሮፕላን ሥዕል አተመ፤ ከሥሩም ሸክላው «ያለ ዮደል» መሆኑን ጻፈ። በዚያ ወቅት ዘፋኙ ጂሚ ሮጀርስ ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን እያገላበጠ በሚዘፍነው ዮደል አገሩን አጥለቅልቆት ነበርና፣ ማየር ይህን መታገሥ አልቻለም።

ዶክ ቺካጎ ሄዶ ለማየር አራት ዘፈኖች አስቀረጸ፤ ጊታር የመታው ኤምሪ አርተር ነው። ከአራቱ «ኦልድ ረብ አልኮሆል ብሉዝ» የማየር ግጥም ነበር። በወዳጅ ገንዘብ የተሠሩት እነዚህ ቅጂዎች ከኒው ዮርኮቹ ይልቅ የጨለሙ ናቸው፤ ባንጆው ይበልጥ ይነጥባል፣ ድምፁም ይበልጥ ይቆርጣል። ገበያ ሲወጡ ግን ገበያው ራሱ አልነበረም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከሰል የሚገዛ ፋብሪካ ሲዘጋ የከሰል ሠራተኛው ደሞዝ ቆመ። ደሞዝ የሌለው ሰው 75 ሳንቲም አውጥቶ ሸክላ አይገዛም። በአሜሪካ በ1927 ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሸክላ ይሸጥ የነበረው በ1932 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሎንሰም ኤስም ከሰረ።

ዶክ ወዲያው ተስፋ አልቆረጠም። አትላንታ ሄዶ በኦኬ ኩባንያ ለመቀረጽ ሞከረ፤ በሬዲዮ ሲቀርብ ግን ማይክሮፎኑ አስፈራውና ተደናበረ። በሁለት ከተሞች ስቱዲዮ ውስጥ ያልተንቀጠቀጠው ሰው ያን ዕለት ስንት ነገር በአንድ ዘፈን ላይ እንደተንጠለጠለ ያውቅ ነበር። ቪክተር የተባለው ትልቁ ኩባንያም ሉዊቪል መጥቶ እንዲቀረጽ ፈቀደለት፤ የመንገዱ ገንዘብ ግን ከራሱ ነው። ዶክ ዘመድ ወዳጁን እየዞረ ብድር ጠየቀ። የከለከለው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለው ሰው አልነበረም እንጂ። ሉዊቪል ሳይሄድ ቀረ። ባንጆውንም ለአንድ ወዳጁ በብድር መያዣ ሰጥቶ ወደ ከሰሉ ተመለሰ።

ባንጆው በዚያ ቤት 25 ዓመት ያህል ቆየ። ዶክ ዶማና አካፋ ይዞ ዋሻ ገብቶ ወጣ፣ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ጽኑ አባል ሆነ፣ መጠጡንም እያደር ተወ። የሣራ ቤተ ክርስቲያን የሱም ሆነች። ዘፈን ያቆመው በገንዘብ እጦት ነበር፤ ያልተመለሰበት ግን በሃይማኖቱና በትዳሩም ምክንያት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሰል በማሽን መቆፈርና መጫን ጀመረ። አሥር ሰው ይሠራው የነበረውን ጥቂት ሰው ሠራው፤ በተራራማው አገር ሺዎች ከሥራ ወጡ። ዶክም በ1954፣ በ56 ዓመቱ፣ ሥራ አጣ። ለአዲስ ሥራ አርጅቷል፣ ለጡረታ ገና ነው።

ሰውየው ዋሻ ውስጥ ሳለ ድምፁ ግን ያለ እሱ መንገድ ጀምሮ ነበር። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የሚባል የሸክላ ሰብሳቢ በኒው ዮርክ ፎክዌይስ በተባለው አሳታሚ አማካይነት 84 አሮጌ ዘፈኖችን በስድስት ትልልቅ ሸክላዎች አጠናቅሮ አወጣ። ከነዚህ ሁለቱ የዶክ «ሹገር ቤቢ» እና «ካንትሪ ብሉዝ» ናቸው። ስሚዝ ዘፋኞቹን በቆዳ ቀለም አልለያቸውም። የኩባንያዎቹ ዝርዝር ለሃያ አምስት ዓመት ለያይቶ ያኖራቸው ዘፈኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ዶክ ቦግስም ከተማረባቸው ሙዚቀኞች ወገን ጋር አንድ ላይ ተሰማ። የከተማ ወጣቶች ስብስቡን እየደጋገሙ ሰምተው አጠኑት። ከዘፋኞቹም አብዛኞቹ የሞቱ መሰላቸው።

ማይክ ሲገር ግን ለማረጋገጥ ተነሣ። የታዋቂው ዘፋኝ የፒት ሲገር ወንድም ሲሆን፣ ኒው ሎስት ሲቲ ራምብለርስ በተባለ ባንድ ይጫወት ነበር። በጁን 1963 ኖርተን ሄዶ ጠየቀ፤ ዶክ ቦግስ እዚያው አካባቢ፣ ከሣራ ጋር፣ በሕይወት አለ። ያ ማስተርቶን ባንጆም ተመልሶለት ነበር። ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ በከሰል ሥራ ደንድነዋል፤ ዘፈኖቹን ግን አልረሳም። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ በሰሜን ካሮላይና አሽቪል ከተማ በተዘጋጀ የሕዝብ ዘፈን ድግስ ላይ ወጣ፤ ከዚያም በጁላይ በኒውፖርቱ ድግስ ላይ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ተቀመጠ። በዚያው ዓመት በዚያው ድግስ ላይ ጆን ሀርትም ነበር፤ እሱም እንደ ዶክ በዚያው ዓመት ከሚሲሲፒ ገጠር ተፈልጎ የመጣ ነው። ባለሱቁ ማየር ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ግጥም ይልክላቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ፣ በአንድ ድግስ ተደመጡ።

ፎክዌይስ በ1964 እና በ1965 የዶክን አዳዲስ ቅጂዎች አወጣ፤ ሦስተኛው በ1970 ተከተለ። ሲገር ከዘፈኑ ጋር የሽማግሌውን ትረካም በቴፕ ቀዳ፤ የባቡሩን፣ የዶርቼስተሩን ጭፈራ ቤት፣ የኖርተን ሆቴሉን ፈተና ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ከዚያ ቴፕ ነው። ዶክ በነዚያ ዓመታት የሚሰማው ደስታ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ ለተማሪዎች ይዘፍናል፤ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ዓለማዊ ዘፈን መያዙን የሚነቅፉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይጠብቁታል። እሱ ራሱም ነገሩን ጨርሶ አልወሰነም። ቢሆንም ባንጆውን ዳግመኛ አላስያዘም።

በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1971፣ ልክ 73 ዓመት በሞላው ቀን፣ ኖርተን አጠገብ ሞተ። በ1997 አሥራ ሁለቱ የወጣትነት ዘፈኖቹ በአንድ ሲዲ ተሰብስበው ወጡ፤ በ1998 ደግሞ የፎክዌይስ ሥራዎቹ በሙሉ።

የዚህን ሰው ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች «የጠፋ ሊቅ ተገኘ» ይላሉ። ዶክ ቦግስ ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ በዚያው ተራራማ አገር ከሰል ሲጭን ኖሯል። ሙያው ሲቆም ማንም አልነጠቀውም፤ የባቡር መሳፈሪያና የጥቂት ቀን ስንቅ የሚያበድር ሰው ስለጠፋ ብቻ ቆመ። ሙዚቃ እንጀራ የሆነለት ሁለቱ ዘመን ተደምሮ ከአሥር ዓመት እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረውን ዕድሜውን ከሰል ወስዶታል። በዚያ አጭር ጊዜ ያስቀረጻቸው ሸክላዎች የተራረፉት ገዢ ስለበዛላቸው አይደለም፤ ጥቂት ሰብሳቢዎች ስላልጣሏቸው ነው። ሉዊቪል ሳይሄድ በቀረበት ዓመት ከዚያው ተራራ ሳይቀረጹ የቀሩት ሌሎች ባንጆ መቺዎች ግን ሰብሳቢ የሚያነሣው አንድ ሸክላ እንኳ አልነበራቸውም።